የክረምት ነዳጅና የሾፌሩ ስም

ክረምት በገባ ቁጥር በደጋው አገር በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ተከራካሪዎቹ የስምሪት ሹሙና ሾፌሩ ናቸው። አዲሱ ፒክአፕ በበጋው ወራት በአንድ ሊትር ናፍጣ ዐሥር ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከርሞ፣ ሐምሌ ሲብት ወደ ስምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሰባት ይወርዳል። መኪናው ገና አዲስ ነው፤ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ ከወንበሩ ላይ አልተነሣለትም። ሹሙ መዝገቡን ገልጦ ያይና ከሁለት ነገር አንዱን ይጠረጥራል፤ ወይ መኪናው ሲገዛ ጀምሮ ጉድለት ነበረበት፣ ወይ ሾፌሩ ነዳጅ እየቀዳ ይሸጣል። መኪናው መልስ የሚሰጥበት አፍ ስለሌለው ጥርጣሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በሰውየው ላይ ነው። «ጋሼ፣ ነዳጁ የት ገባ?» ይላል ወጣቱ ሹም። «ልጄ፣ ዳገቱ ጠጣው» ይላል ሾፌሩ። ሹሙም መልሱን እንደ ቀልድ ቆጥሮ ልዩነቱ ከደመወዝ እንዲቆረጥ ማስታወሻ ይጽፋል።

በበኩሌ የሾፌሩ መልስ ቀልድ አይመስለኝም። በደጋው አገር አዲስ መኪና በክረምት ነዳጅ የሚያበዛበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዳገቱ፣ ጭቃው፣ ብርዱና የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ስምሪት ነው። ይህም ማለት ነዳጅ የሚሸጥ ሾፌር የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ነገር ግን የመኪናውን ትክክለኛ ፍጆታ በየመንገዱና በየወቅቱ ለክቶ ያልያዘ መሥሪያ ቤት ሌባውን ከታማኙ የሚለይበት ሚዛን የለውም። እንዲህ ባለው ቤት ሌባው በጭቃ ያመካኛል፤ ታማኙም በሌባው ዕዳ ይጠየቃል።

ነገሩ ጥቃቅን መስሎ የሚታየው ሰው ካለ ዋጋውን ያስብ። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ናፍጣ በአዲስ አበባ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻም ያው አንድ ሊትር 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ በዚያው ዓመት የበጋ ወራት ሳያልፉም እንደገና ጨምሯል። አገሪቱ የምታቃጥለውን ናፍጣና ቤንዚን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ታስገባለች። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ድፍድፍ የሚጣራበት ቦታ እንኳ የላትም። ጅቡቲ ላይ ተራግፎ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣው ናፍጣ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ድረስ የማጓጓዣው ዋጋ ይጨመርበታል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ የዘመን አቆጣጠር ነገር አለ። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ይኸውም መኪና ከምንጊዜውም የበለጠ በሚጠጣበት ወር። የአንድ ወረዳ ጤና ወይም ግብርና ጽሕፈት ቤት የነዳጁን በጀት ለዐሥራ ሁለት ወር እኩል ቢከፋፍል፣ ስሌቱንም በበጋ ፍጆታ ላይ ቢመሠርት፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከድርሻው በላይ በልቶ ያልፋል። ጉድለቱ የሚታወቀው ግን ወዲያው አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት፣ መንገዱ ደርቆ ገጠሩን ሁሉ መዞር በሚቻልበት ጊዜ፣ መኪናው በግቢ ውስጥ ይቆማል። የክትባቱ ሣጥን በበረዶ ታሽጎ ይጠብቃል፤ የግብርና ባለሙያው ለምርጥ ዘር ስርጭት በእግሩ ይወጣል። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ የቀለጠው ናፍጣ ዕዳውን የሚያስከፍለው በግንቦት ነው።

እስቲ ስለ ዳገቱ እንነጋገር፤ ሾፌሩ በዚህ ነው የተከራከረውና።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወረታ በፎገራ ሜዳ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደብረ ታቦር ደግሞ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የከፍታው ልዩነት ወደ 900 ሜትር ይጠጋል። ባዶው ፒክአፕ ከነሾፌሩና ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ሁለት ሺህ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁለት ሺህ ኪሎ በ900 ሜትር ከፍ ለማድረግ 17 ነጥብ 6 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ክብደትን፣ የመሬትን ስበትና ከፍታን አባዝቶ ሊያገኘው ይችላል። በአንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለው ኃይል 36 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ሞተሩ ግን ከዚህ ውስጥ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሢሶውን ያህል ብቻ ሲሆን ቀሪው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። ስለዚህ አንዱ ሊትር ለሥራ የሚሰጠው 12 ሚሊዮን ጁል ነው። ሲካፈል አንድ ሊትር ተኩል ይሆናል።

እንግዲህ መኪናው በሜዳ ላይ በሊትር ዐሥር ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆን ለአርባ ኪሎ ሜትር አራት ሊትር ይበቃው ነበር። ወረታን ለቆ ደብረ ታቦር ለመድረስ ግን አምስት ሊትር ተኩል ያስፈልገዋል፤ በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር ከጥቂት መሆኑ ነው። ከኋላው ዐሥር ኩንታል ማዳበሪያ ቢጫንበት የዳገቱ ድርሻ ብቻ ወደ ሁለት ሊትር ከሩብ ይደርስና ፍጆታው በሊትር ከሰባት በታች ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጠብታም አልተሰረቀም።

ቁልቁለቱ ይመልስ የለምን? የሚል አንባቢ ይኖራል። ይመልሳል፤ ግን የወሰደውን ሁሉ አይመልስም፤ የሚመልሰውም ለሚያውቅበት ሾፌር ነው። ዛሬ የሚሠሩት ሞተሮች መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድና ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሣ የናፍጣውን ርጭት ፈጽመው ይዘጋሉ። በዜሮ ማርሽ የሚወርድ መኪና ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን አያቆምም። «በዜሮ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው የድሮ ልማድ ለድሮው ካርቡራተር የተነገረ ነው፤ ለዛሬው መኪና ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ ፍሬን እየጋለ ሰው የሚገድል ልማድ ስለሆነ ከቁጠባው ክርክር በፊት በሕይወት ምክንያት ሊተው ይገባል።

ደብረ ታቦር ስለ ክብደትና ስለ ዳገት የሚናገር የቆየ ምስክር አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በከተማዋ አጠገብ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ ነበር። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉና መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር የሚጠጋ ጉዞ! የዚያን ጊዜ ነዳጁ የወታደሩ ክንድ ነበርና ስንት እንደ ፈጀ የመዘገበ የለም። ዛሬ በዚያው ደጋ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው የሚከፍለው ግብር ከዚያው ከመሬት ስበት የሚመጣ ነው፤ የተለወጠው በክንድ ፈንታ በብር መከፈሉ ነው።

ከደብረ ታቦር ወዲያም መውጣቱ አያበቃም። ወደ ክምር ድንጋይና ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጉና ተራራ ጎን ይዞ ይሄዳል። ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስም ነዳጅ ይበላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ነው። በደብረ ታቦር ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ ይህን አብዛኛውን ይችለዋል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ፒክአፕ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሾፌሩ በሦስተኛ ሊወጣው የሚገባውን በሁለተኛ እያስጮኸ ይወጣዋል። ለደጋ ወረዳ መኪና የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከቀለሙና ከሞዴሉ በፊት ይህን ቢጠይቅ መልካም ነበር።

ወደ ብርዱ እንለፍ። የሰሜኑ ዓለም ሰዎች ይህን ጉዳይ አጥንተውታል። በአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ መሠረት የቤንዚን መኪና በከተማ ውስጥ ሲነዳ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጊዜ ከሚሄደው ይልቅ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ በሆነ ጊዜ የሚሄደው 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ በሚሄድ አጭር ጉዞ ላይ ቅናሹ እስከ 24 በመቶ ይደርሳል። የእኛ ክረምት ግን የእነርሱ ክረምት አይደለም። የደብረ ታቦር የነሐሴ ማለዳ ቢበርድም በረዶ አይጋገርበትም፤ ናፍጣም አይረጋበትም። ስለዚህ የውጭውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ «ብርድ ነው» ብሎ መዝጋት ለሰነፍ ሹም የሚመች ምክንያት ከመሆን አያልፍም። ልንወስደው የሚገባው ሁለተኛውን ቁም ነገር ነው፤ እርሱም የአጭር ጉዞ ነገር ነው።

ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ያባክናል። ዘይቱ ወፍራም ነው፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ኮምፒዩተሩም ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ተጨማሪ ነዳጅ ይለቃል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ይህን ብክነት አንድ ጊዜ ከፍሎ ይገላገላል። አጭር አጭር የሚሄደው ግን በየጊዜው ይከፍላል። በሊቦ ከምከም ወረዳ በአዲስ ዘመን ከተማ የተቀመጠ መኪና እናስብ። ጠዋት ባለሙያ ይዞ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ እስከ ጣራ ገዳም ደን ግርጌ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይቆማል። ረፋዱ ላይ ደብዳቤ ለማድረስ ይወጣል፤ ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠዋት የወሰደውን ባለሙያ ለመመለስ ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አልሞላም፤ ሞተሩ ግን ሦስት ጊዜ ቀዝቅዞ ሦስት ጊዜ ሞቋል። ያው መኪና ያንኑ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በአንድ ዙር ቢሄደው ኖሮ የሚጠጣው ባነሰ ነበር። ይህን የሚወስነው ሾፌሩ አይደለም። የጉዞ ትእዛዙን የሚፈርመው ሰው ነው።

በዚሁ በማሞቅ ነገር ሁለት መጥፎ ልማዶች አሉ። አንደኛው ጠዋት ሞተር አስነሥቶ ሩብ ሰዓት አቁሞ ማሞቅ ነው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሊትር ዜሮ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ለመሞቅም ይዘገያል። አንድ ደቂቃ ያህል ዘይቱ እስኪዘዋወር ጠብቆ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሳያስጮሁ በዝግታ መንዳት ይሻላል። ሁለተኛው የባሰ ነው። መካኒኮች «መኪናው እንዳይግል» በማለት ቴርሞስታቱን አውልቀው ይጥላሉ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ በር ነው። በቆላ፣ በአፋር በረሃ፣ ይህ ልማድ ለጊዜው ጉዳት የሌለው ይመስላል። በጉና ጥግ ግን ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል፤ ነዳጅም ይጨምራል፤ ውስጡም ያለ ዕድሜው ያልቃል። አዲስ መኪና የመጀመሪያ ሰርቪሱን ጨርሶ ሲመለስ ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን መጠየቅ ነውር አይደለም። ምልክቱም ቀላል ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ተነድቶ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታች ካልተነሣ አንድ ነገር ጎድሏል።

የክረምቱ ትልቁ ጠላት ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ብርዱ ሳይሆን ጭቃው ነው። እስከ ደብረ ታቦርና ከዚያም ወዲያ ያለው ዋና መንገድ አስፋልት ነው። መኪናው የሚሠራው ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ነው። በእርጥብ አፈር ላይ የሚንከባለል ጎማ የሚገጥመው ተቃውሞ በደረቅ አስፋልት ላይ ካለው አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። የፎገራን ዋልካ ያየ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያሻውም፤ ጎማው ራሱ ጭቃ ለብሶ ክቡን ያጣል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁም መኪናው ውኃው እስኪጎድል ይቆማል። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ተሳፋሪው ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ይቆማል። እንዲህ ያለ መቆም በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይበላል። የክልሉ ጸጥታ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በመታወኩም መንገድ ሲዘጋ መጠበቅና ዞሮ መሄድ የሾፌሮች የዕለት ኑሮ ሆኗል። ይህ ሁሉ በመዝገቡ ላይ የሚታየው «የተቀዳ ነዳጅ» እና «የተሄደ ኪሎ ሜትር» በሚሉት ሁለት ቁጥሮች መካከል የተደበቀ ክፍተት ሆኖ ነው።

በጭቃው ውስጥ አራቱንም ጎማ ማስነዳት ግድ ነው። አስፋልት ላይ ከወጡ በኋላም እንደዚያው መሄድ ግን ነዳጅ ከማብዛቱ በላይ ካምቢዮውን ይጎዳል። ይህን የሚያዘነጋው ብዙ ጊዜ ድካም ነው። የጎማ ነፋስም እንዲሁ ነው፤ ሙቀቱ በአምስት ወይም በስድስት ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይጎድላል። ስለዚህ ጎማ የሚለካው ጠዋት ሳይሞቅ ነው። ይህ ጉድለት ብቻውን የሚያመጣው ልዩነት ግን ከመቶ አንድና ሁለት ቢሆን ነው፤ ሰባትን ዐሥር አያደርገውም። ስለ መስኮት ጉምና ስለ አየር ማቀዝቀዣውም እንዲሁ፤ መስተዋቱ ጠርቶ መንገዱ እስኪታይ ድረስ መጠቀሙ ተገቢ ነው፤ በዚህ የሚቆጥብ ሰው ነፍሱን ይከስራል።

«አዲስ ነውና መቆጠብ ነበረበት» የሚለው አነጋገርም መመርመር አለበት። ሃይሉክስም ሆነ ዲ-ማክስ፣ የፋብሪካው ወረቀት የሚሰጠው ቁጥር የተገኘው በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ መኪናው በሚሽከረከር በርሜል ላይ ቆሞ፣ ሙቀቱ ተመጥኖ፣ ዳገትና ጭቃ በሌለበት ነው። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ስለ ሌላ አገር ተናገረ እንጂ። ከዚህም በላይ አዲስ ሞተር ገና ያልተላመደ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ከአምስት እስከ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትሮች እስኪጨርስ ሙሉ ቁጠባውን ላያሳይ ይችላል። በሰኔ ተገዝቶ በሐምሌ ወደ ወረዳ የተላከ መኪና ስሙ የሚጠፋው በሁለት በኩል ነው፤ በክረምቱና በአዲስነቱ።

ከማደያ ውጭ የሚገዛ ነዳጅስ? ማደያው ባዶ ሲሆን ናፍጣ በጀሪካን ይገዛል። ጀሪካኑ ልኩ ሊጎድል፣ ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል። ሃያ ሊትር ተብሎ ዐሥራ ስምንት የተቀዳበት ሾፌር የመኪናው ፍጆታ በዐሥር በመቶ የከፋ መስሎ ይጻፍበታል። የናፍጣውን ማጣሪያ ውኃ በክረምት ቶሎ ቶሎ ማፍሰስና በጀሪካን የተገዛውን በመዝገቡ ላይ ለይቶ መጻፍ እርሱንም መኪናውንም ያድናል።

አንዳንዱ የመፍትሔው ስም ኤሌክትሪክ ነው ይላል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አሳቡ ለደጋው አገር አንድ የተለየ ጥቅም አለው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ከቁልቁለቱ የሚያገኘውን ኃይል ለባትሪው ይመልሳል። ሴባስቶፖልን የጎተቱት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ይደነቁ ነበር። ቢሆንም ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌ ጭቃ ውስጥ የሚያድረው የወረዳ ፒክአፕ ገና ለብዙ ክረምት በናፍጣ መሄዱ ስለማይቀር የናፍጣውን ሒሳብ ማሳመር ሊዘገይ አይገባም።

ሒሳቡም የሚበላሸው ከልኩ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ለአንድ መኪና አንድ ልክ ያወጣል፤ «ይህ መኪና በሊትር ይህን ያህል ይሄዳል» ይልና ዓመቱን ሙሉ በዚያ ይፈርዳል። ልኩ የተወሰደው በባሕር ዳር ሜዳ ይሁን በጉና ዳገት፣ በጥር ይሁን በነሐሴ፣ ባዶውን ይሁን ተጭኖ የሚጠይቅ የለም። በዚህ ልክ ሲለካ በወረታ ሜዳ የሚሠራው ሾፌር ሳይደክም ምስጉን ይሆናል፤ ምናልባትም ከልኩ የተረፈውን ሸጦ ይጠቀማል። የክምር ድንጋዩ ሾፌር ግን እጁ ንጹሕ ሆኖ በሒሳብ ሌባ ይሆናል። ከዚያም ብልሁ ሾፌር ምን ያደርጋል? ያልሄደውን ኪሎ ሜትር በመዝገቡ ላይ ይጨምራል። ልኩ ውሸት ስለሆነ መዝገቡም ውሸት እንዲሆን ያስገድደዋል።

መድኃኒቱ ባለሙያ የሚጠይቅ አይደለም። ሳልባትዮው አፉ ድረስ ይሞላል፤ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይጻፋል። መኪናው ሠርቶ ሲመለስ በዚያው ማደያ እንደገና አፉ ድረስ ይሞላና የገባው ሊትርና አዲሱ ቁጥር ይጻፋል። እንበል፣ 612 ኪሎ ሜትር ተሂዶ 72 ሊትር ገባ፤ ሲካፈል በሊትር ስምንት ተኩል ነው። አንድ ሙሌት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ አምስትና ስድስት ሙሌት ግን መናገር ይጀምራል። በየመስመሩ አጠገብ መንገዱ፣ ጭነቱና የዝናቡ ነገር በአንድ ቃል ይጻፍ፤ «ወረታ፣ ባዶ፣ ደረቅ»፤ «ክምር ድንጋይ፣ ስምንት ኩንታል፣ ጭቃ»። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰሉት መንገዶች እንዲሆን ከታዘዘ ወዲህ የተከፈለው ገንዘብና ቀኑ በስልክ ላይ ተመዝግቦ ስለሚቀር ሾፌሩ የጻፈውን ከዚያ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ቀድሞ የሚጠፋው የወረቀት ደረሰኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌባውን ማወቅ ቀላል ይሆናል። ዳገቱም ጭቃውም ሥርዓት አላቸው፤ ሐምሌ ላይ ይበላሉ፣ ኅዳር ላይ ይተዋሉ። በኅዳር፣ በደረቅ አስፋልት፣ ባዶውን ወረታ ደርሶ የተመለሰ መኪና እንደ ነሐሴው የሚጠጣ ከሆነ ያን ጊዜ ወይ መኪናው ወይ ሰውየው ይመርመር። ፍጆታው ከወቅቱና ከመንገዱ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ግን ሾፌሩ እውነቱን ተናግሯል፤ ከደመወዙ የተቆረጠውም ሊመለስለት ይገባል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ አያለሁ፤ በዞኑ ውስጥ ላሉት መንገዶች በየወቅቱ የተለየ ልክ ማውጣት ለአንድ ሜካኒካል መሐንዲስ የሚበቃ ርእስ ነው፤ ለሒሳብ አያያዝ ተማሪም ይተርፈዋል።

የሹሙም ድርሻ በዚያው መዝገብ ይግባ። የሹሙን ልጅ ከትምህርት ቤት ለማምጣት የወጣው ጉዞ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ሞተሩ ሳይጠፋ የተጠበቀው ሰዓት፣ አንድ መኪና ሊሸፍነው ሲችል ሦስት መኪና የወጣለት የአንድ ቀበሌ ጉብኝት፣ ይህ ሁሉ ዛሬ በሾፌሩ ፍጆታ ላይ ይደመራል። ሾፌሩ «ዳገቱ ጠጣው» ያለው ምናልባት ከአክብሮት የተነሣ ነው፤ ሌላውን ሊናገር አልፈለገም። መዝገቡ የሚከፈትበት ቀን አሁን ያለንበትን ዓመት መጨረሻ መጠበቅ አያሻውም፤ ከሚቀጥለው ሙሌት ይጀመር። ለመጪው ሐምሌ በጀት ሲጠየቅ ግን ለመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከሌሎቹ የበለጠ ሊትር ይመደብ፤ ስንት እንደሚበልጥ መዝገቡ ይነግራል።